ቀዩ ወይስ ሰማያዊው

ኅዳር 7 ቀን 2000፣ ቅዳሜ

ዛሬ አባባ እዚህ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ አንድ ሱቅ መሐል ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሙ።

የሄድነው ለእሳቸው ትንሽ ሬዲዮ ልንገዛ ነበር። ለዓይን ሕክምና ከአገር ቤት ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። እኔ ቢሮ፣ ልጄ ሐሊና ትምህርት ቤት ስለምንውል ሁርሊንግሃም ያለው አፓርታማችን ውስጥ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። የሱቁ ባለቤት ሀቢብ የሐረር ልጅ ነው፤ ናይሮቢ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ አማርኛ ሲሰማ የያዘውን ትቶ ይመጣል።

ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ያለ ድምፅ በርቶ አበባ ላይ ያረፈች ንብ ያሳያል። አባባ አለፉት። ከዚያ ቆሙ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። በቀኙም የሚያዩት መሐል መሐሉን ብቻ ነው፤ ዙሪያው ጨለማ ነው። ስለዚህ ምስሉን ባንድ ጊዜ አያዩትም። ራሳቸውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያዞሩ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው መስመር በመስመር ለቀሙት።

«እግሯን አየሽው?» አሉኝ።

«የማንን?»

«የንቧን። የኋላ እግሯ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ። ዱቄቱ ደግሞ ፍሬ ፍሬ ነው። ይቆጠራል፣ ማዕዶት። ይቆጠራል!»

አባቴ ሐብተማርያም ድሬዳዋ ሲኒማ ቤት፣ ማሽን ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ያሳዩ ሰው ናቸው። አሮጌ ፊልም ሲደርሳቸው ጭረቱ ሸራው ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ሲበጠስባቸው ሕዝቡ ያፏጫል፤ እሳቸው በመቀስና በሙጫ ይቀጥላሉ። ዛሬ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ጭረት ፈለጉ። አጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሱ ሁሉ።

ሀቢብ ወንበር አመጣላቸው። «ይሄ ተራ ዲቪዲ አይደለም፣ ጋሼ። አዲስ ነው። አዲሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው» አለና ሁለት ማቀፊያ አሳየን። ሰማያዊው ብሉ-ሬይ፣ ቀዩ ኤችዲ ዲቪዲ። የአንዱን ዲስክ የሌላው ማጫወቻ አያነበውም። የፊልም ኩባንያዎቹም ለሁለት ተከፍለዋል። የሰማያዊው ማጫወቻ ሃምሳ ስምንት ሺህ ሽልንግ፣ የቀዩ ሃያ ሰባት። ዲስኩ የሁለቱም ሁለት ሺህ አራት መቶ።

ልግዛ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ቴሌቪዥኑ እንደሆነ አምና የገዛሁት አለኝ።

«አትቸኩዪ፣ እህቴ» አለኝ ሀቢብ። «ከሁለቱ አንዱ መሞቱ አይቀርም። የሚሞተውን ከገዛሽ የአቧራ መሰብሰቢያ ነው የሚሆንሽ። እስከ ፈረንጆች ገና ጠብቂ፤ ዋጋውም ይወርዳል።»

የብልህ ምክር መሰለኝ። ሬዲዮዋን ይዘን ወጣን። እቤት ስንደርስ አባባ፣ ለራሳቸው ያህል፣ «ፍሬ ፍሬ» አሉ።

ኅዳር 10

ሐኪም ቤት። ዶክተሯ ወጣት ኬንያዊት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምታወራው። በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ እኔ ላስተረጉም።

ግላኮማው በጣም ሄዷል። በዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ነው። ስድስት ሳምንት ጠብታ እንሞክር፤ ካልወረደ ኦፕራሲዮን ነው። ነገር ግን ዓይን እዚህ ከደረሰ በኋላ ኦፕራሲዮኑ የቀረውን ብርሃን ባንዴ ሊወስደው ይችላል፤ አልፎ አልፎ ይደርሳል። ካልተሠራ ደግሞ ዓመት አይቆይም።

ለአባባ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩላቸው፦ «ትንሽ ግፊት አለ፤ ጠብታ ታዟል፤ ይሻላል አለች።»

«ይሄን ሁሉ ተናግራ?»

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው፣ አባባ።»

«እንደዚያ ነው» አሉና ኮፍያቸውን አደረጉ።

አልዋሸሁም። ግፊት አለ። ጠብታ ታዟል።

ኅዳር 16

በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ስለ ዲስኮቹ ሳነብ ስብሰባ አለፈኝ። አሜሪካ ውስጥ ቀዩን በመቶ ዶላር ሸጠው ሰልፉ ሱቁን ዞረ ይላል። የሰማያዊውና የቀዩ ደጋፊዎች በኢንተርኔት የሚሰዳደቡት ስድብ ለጠላትም አይባል። ማንም ግን ምስላቸው ይለያያል አይልም። ምስሉ አንድ ነው።

እስከ ገና አንድ ወር ብቻ ነው።

ኅዳር 22

ማታቱ ከሚባሉት ሚኒባሶች መቆሚያ አጠገብ ከሚሸጡት ተራ ዲቪዲዎች አንዱን በመቶ ሽልንግ ገዝቼላቸው ነበር። አምስት ደቂቃ አይተው አጠፉት። «ጉም ነው» አሉ። አላማረሩም። ሬዲዮዋን ከፈቱ።

ኅዳር 28

ከሥራ ስገባ ከሳሎን እንግሊዝኛ ሰማሁ፤ ሳቅም አለበት። ሬዲዮው መሰለኝ። ስገባ ግን ሬዲዮው ጠፍቷል፤ አባባና ሐሊና ብቻ ናቸው። ሐሊና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ይንገዳገዳል፤ አያቷን «አንተ» ትላለች። እሳቸው ደግሞ ይወዱላታል። «በዚህ ዕድሜዬ አንተ የሚለኝ ተገኘ» ይላሉ።

ሀቢብ ጋ ደወልኩ። ሰማያዊው አርባ ዘጠኝ ሺህ ገብቷል፤ ቀዩ ሃያ ሁለት። «አሁንም ጠብቂ» አለኝ።

ታኅሣሥ 5

አባባ ዛሬ ሻዩን ከስኒው ጎን ቀዱት። ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ እያዩ አልነበረም፤ ሲቃጠሉ ነው ያወቁት። እጃቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ያዝኩላቸው።

«ጠብታው ያሻለ አይመስልም» አሉ።

«ስድስት ሳምንቱ ገና ነው።»

«ያ ዲስክስ?»

«እሱም ገና ነው፣ አባባ። አንዳቸው ሊያሸንፍ ነው።»

«ይሁን» አሉ። ይሁን ሲሉ ድምፃቸው የድሮው ነው፤ ፊልም ሲበጠስ ለሚያፏጨው ሕዝብ በመስኮቷ ብቅ ብለው «አንዴ ታገሡ» የሚሉበት።

ለምንድን ነው የማልገዛው? ብሩ አለኝ። ሃያ ሺህ ሽልንግ ለዚህች ቤት ብዙ አይደለም። የሚሞተውን ላለመግዛት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ታኅሣሥ 17

የኬንያ ምርጫ። ሁሉ ነገር ዝግ ነው። ሰልፉ ከጎረቤት ትምህርት ቤት በር እስከ ዋናው መንገድ። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እየሳቀ ይጠብቃል። ከነገ ወዲያ ሀቢብ ጋ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 21

አልሄድኩም። ውጤቱ ከተነገረ ወዲህ፣ ተጭበርብሯል በሚል ረብሻ፣ ከተማው ሌላ ነው። ከሰገነታችን በድሆቹ ሰፈር በኪበራ በኩል ጭስ ይታያል። ቢሮ አትምጡ ብሏል። ሱቅ ሁሉ መዝጊያውን አውርዷል። የስልክ ካርድ የለም። የአባባ ጠብታ ለሦስት ቀን ብቻ ቀረ።

ታኅሣሥ 23

የሐኪም ቀጠሮው ዛሬ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል። ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወጣሁ፤ ሐሊና ልከተልሽ ብላ ስታለቅስ ቆልፌባት። አንድ መድኃኒት ቤት መዝጊያውን እስከ ጉልበት ከፍቶ አገኘሁ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሰጠችኝ፤ «ፖሌ፣ አይዞሽ፣ ማማ፣ ፍጠኚ» አለችኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ጠርሙሱን እጄ ውስጥ ጨብጬ እንደያዝኩ አሳንሰሩ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ታኅሣሥ 26

ሀቢብ ደወለ። መጀመሪያ ደህንነታችንን ጠየቀ። ሱቁ አልተነካም። ከዚያ፣ «ሰማያዊው አሸነፈ!» አለኝ። አንድ ትልቅ የፊልም ኩባንያ ሌሊቱን ቀዩን ትቶ ወደ ሰማያዊው ዞሯል። «አላልኩሽም? ቀዩን ብትገዢ ኖሮ ጉድሽ ነበር።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። መጠበቄ ትክክል ነበር። ይህን የምጽፈው እንዳልረሳው ነው፤ ከተማው ሲቃጠል፣ አባቴ ግድግዳ እየዳበሱ ሽንት ቤት ሲሄዱ፣ እኔ በዲስክ ትክክል በመሆኔ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 30

መንገዱ ተከፈተ፤ ሐኪም ቤት ደረስን።

ግፊቱ ጨምሯል። የሚያዩባት ክፍተት ጠብባለች። ዶክተሯ ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም አለች፤ ኦፕራሲዮኑ ለጥር 20 ተቆረጠ። አደጋውን እንደገና ዘርዝራ ነገረችኝ፤ በሽተኛው አውቆ መፈረም አለበት አለች።

ወደ አባባ ዞሬ፣ «ቀላል ነገር ነው፣ አንድ ቀን ብቻ...» ብዬ ጀመርኩ።

አባባ እጃቸውን አነሱ። ፊታቸውን ወደ ዶክተሯ አቅንተው፣ በጠራ፣ ትንሽ በቆየ እንግሊዝኛ፣ «ዶክተር፣ ከመቶ በሽተኛ ስንቱ ነው የቀረው የሚጠፋበት?» አሏት።

ዶክተሯ እኔን አየችኝ። ከዚያ ለእሳቸው ነገረቻቸው። አመሰገኗት፤ እስክሪብቶ ጠየቁ፤ ጣቷን ያሳረፈችበት ቦታ ላይ ፈረሙ።

መኪና ውስጥ ገባን፤ ቁልፉን አስገባሁ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የእንግሊዝ ፊልም ሳሳይ ጆሮዬን የደፈንኩ መስሎሽ ነበር?»

«ታዲያ መጀመሪያ ቀንም ሰምተዋል?»

«አንድም ቃል አላመለጠኝም።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ። ልጄ ራሷ ትንገረኝ ብዬ።»

ከስድስት ሳምንት በላይ ጠብቀውኛል።

ማታ ለሐሊና ልነግራት ስል፣ «ማሚ፣ አውቃለሁ። ሁልጊዜ እናወራለን። ቤት ውስጥ የማታወሪው አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ደንግጣ አቀፈችኝ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ዌስትላንድስ ሄድን፤ ሦስታችንም። ግማሹ ሱቅ ገና መስኮቱ ላይ ጣውላ እንደመታ ነው። ሀቢብ አባባን እጅ ነስቶ ተቀበላቸው፤ በቀጥታ ወደ ሰማያዊው ወሰደን። አርባ አራት ሺህ።

«ቀዩስ?» አሉ አባባ።

«ቀዩ አለቀለት፣ ጋሼ። አሥራ ሁለት ሺህ አድርጌ እንኳን የሚያየው የለም። ዲስኩንም በስድስት መቶ እየጣልኩት ነው።»

«ማሽኑ ይበላሻል?»

«ማሽኑስ አሥር ዓመት ይሠራል። አዲስ ፊልም ግን አይወጣለትም። ያለው ያው ያለው ነው።»

«እዚህ ስንት ዲስክ አለ?»

ሀቢብ ካርቶኑን ጎትቶ ቆጠረ። «አሥራ ሰባት።»

«ማዕዶት፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ጥር አሥር።»

«አሥር ቀን አለኝ» አሉ አባባ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። «አሥራ ሰባት ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።»

ሀቢብ ዞሮ አየኝ። ያኔ ነገርኩት። አባባ እየሰሙ፣ ሐሊና እየሰማች፣ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሊታወሩ ይችላሉ የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። አባባ በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ በደንብ የተረጎምኩላቸው ይመስል።

ሀቢብ ካርቶኑን ወደ እኔ ገፋው። «ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ።

«የጠበቅኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ቀዩን ከነካርቶኑ ገዛሁ። ሰማያዊውንም በትውስት ውሰዱ አለን። አባባ እምቢ አሉ። «አንድ ማሽን ነው የማውቀው። ባንድ ጊዜ ሁለት የሚያሳይ አንዱንም አያይ።»

ጥር 12

ሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ። አባባ መጋረጃው እንዲዘጋ፣ ወንበራቸው ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ላይ እንዲሆን አዘዙ። እጃቸውን አስታጥበን ዲስኩን ራሳቸው አስገቡ፤ ጠርዙን በጣታቸው ጫፍ ብቻ ይዘው።

በረዶ ላይ የሚሄድ ነጭ ቀበሮ። ንፋስ ሲመጣ ጸጉሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሥሩ ግራጫ ነው። መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ፤ ጥፍሩ ውስጥ የገባ ጨው። አባባ ቁልፏን ተጭነው ያቆሙታል፤ ጨውን ለአሥር ደቂቃ ያያሉ። «እኔ ሕዝቡን ሳሳይ የኖርኩት ይሄን ከሆነ» አሉ፣ «እኔ አላየሁትም ነበር ማለት ነው።»

ጥር 15

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ማየት አላየሁም።

ዛሬ ተራ የፍቅር ፊልም ነበር። ትልቅ የገበያ ትዕይንት፤ ልጅቷ እየሮጠች ፍቅረኛዋን ትፈልጋለች። እኔና ሐሊና ልጅቷን አየን። አባባ አቆሙት። ተነሥተው መስታወቱ ላይ በጣታቸው ጠቆሙ፤ ከላይ በግራ፣ በጣም ሩቅ፣ አንድ ፎቅ መስኮት ላይ።

«ይሄ ሰውዬ ብርቱካን እየላጠ ነው።»

ተጠግቼ አየሁ። እውነት ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰው። ጭራሽ ማንም እንዲያየው አልታሰበም። አባባ ከመጀመሪያው መልሰው፣ ፊልሙን ትተው፣ እሱን ብቻ ተከተሉ። ልጣጩን አንዴም ሳይቆርጥ አወረደው። ለአንዲት ከመስኮቱ ውስጥ እጇ ብቻ ለሚታይ ሴት ግማሹን ሰጣት። ከዚያ ፊልሙ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ።

«ስንት ሚሊዮን ሰው አይቶት» አሉ አባባ፣ «ይሄን ሰውዬ ያየነው እኛ ሦስታችን ነን።»

«ጉካ፣ አንተ እኮ ከእኛ የበለጠ ታያለህ» አለቻቸው ሐሊና፤ ጉካ በሰፈሩ ልጆች ቋንቋ አያት ማለት ነው። በዚያች ቀዳዳ፣ በዚያች የቁልፍ ቀዳዳ በምታህል ብርሃን፣ እኔ በሁለት ጤነኛ ዓይን አርባ ዓመት ያላየሁትን ያያሉ።

ጥር 19

ነገ ነው።

ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ሳይጨርሱት፣ «አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁ።

«መጋረጃውን ክፈቺ። አሁን ወንበር አምጪና እዚያ ተቀመጪ።»

«የት?»

«ቴሌቪዥኑ ፊት።»

ተቀመጥኩ። የከሰዓት ፀሐይ ግማሽ ፊቴን ይሞቀኛል። ወንበራቸውን ጎተቱ፤ ጉልበታችን ተነካካ።

«ከመጣሁ ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው» አሉ። «ክንዴን ይዘሽ ትመሪኛለሽ፣ ጎኔ ተቀምጠሽ ትነጂኛለሽ፣ ጎኔ ሆነሽ ታስተረጉሚልኛለሽ። ጎን ደግሞ ለእኔ የለም። ድምፅሽን ነው እንጂ አንቺን አላየሁሽም።»

ከዚያ ጀመሩ። ከግንባሬ ከላይ በግራ። ራሳቸውን ቀስ እያሉ እያዞሩ።

«ሽበት አውጥተሻል። ሰባት ናቸው። ...ይቺ ጠባሳ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ የወደቅሽ ጊዜ ናት። እንዲህ የቀረች አይመስለኝም ነበር። ...ቅንድብሽ ሳይገጥም ቀርቷል። ...አገጭሽ የእኔ ይመስለኝ ነበር፤ የእናትሽ ነው። በደንብ የእናትሽ ነው።»

ከንፈሬ ተንቀጠቀጠ።

«አትንቀሳቀሺ።»

«አልችልም፣ አባባ።»

«እሺ፣ ተንቀሳቀሺ። ማልቀስም ትችያለሽ። እሱም ይታያል።»

ቀስ ብለው ጨረሱ። ዘለው ያለፉት አንድ ቦታ የለም። ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ የወለዱኝ ጊዜም ቢሆን እንደዚያ ያዩኝ አይመስለኝም።

ጥር 20

ኮሪደር። ሁለት ሰዓት ገቡ። አራት ሰዓት ሆነ። ሐሊና ትከሻዬ ላይ ተኛች። ወጡ። ፋሻ። ውኃ ጠየቁ።

ጥር 21

ፋሻው ተነሣ።

ዶክተሯ ጣቷን አሳየቻቸው። ከዚያ እጇን። ከዚያ ባትሪ አበራች።

«ብርሃን አለ» አሉ። «ነጭ። ፊልም ያልገባበት ሸራ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ዶክተሯ ዓይኗ እንባ ሞላ። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር አባባ እጇን ፈልገው ያዙ። «ቁጥሩን በትክክል ነግረሽኛል» አሏት።

ጥር 30

አልተመለሰም።

ኅዳር 7 ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ሰባ ሦስት ቀን ያዩ ነበር። ያዩት አሥር ቀን ነው። ይህን ሒሳብ በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ አንድም ቀን አይለወጥም።

የካቲት 12

የቀዩን ማሽን የሚሠራው ኩባንያ ማምረት አቆምኩ ብሎ አወጀ። ሀቢብ ሊነግረን አፍሮ ለሐሊና ነገራት። አባባ ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ። «ምስኪን! እኔን ጠብቆ ነው የሞተው» አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የካቲት 21

ከመጨረሻው የሐኪም ቀጠሮ ስንመለስ አርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ላይ ትራፊኩ ቆመ። ትናንት ማታ ፖለቲከኞቹ ተስማምተዋል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቷል።

አባባ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ውጭ።

«ምን አለ?» አሉ።

«ትራፊክ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ምን ይታያል?»

አሥራ ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ ነድቻለሁ። ቀና ብዬ አየሁ።

«አንድ ሰው ፍራሽ ተሸክሟል።»

«በምኑ?»

«በራሱ። በሁለት እጁ ይዞታል። አይ፣ በአንድ እጁ ነው፤ በሌላው ስልክ ያወራል።»

«እሺ።»

«መብራቱ ምሰሶ ላይ አባ ኮዳ ቆማለች። ጋዜጣ የሚሸጥ ሰው በመኪኖቹ መሐል ይመጣል፤ ሰው ሁሉ መስኮት ዝቅ እያደረገ ይገዛዋል። ማታቱ ላይ ያለው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ካልሲው አረንጓዴ ነው።»

«ሌላውስ?»

ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። «ሌላ ካልሲ የለውም።»

አባባ ፈገግ አሉ። «ቀጥዪ። ቀስ እያልሽ። ጠርዝ ጠርዙንም እዪ።»

«ጠርዙ ላይ... በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች። ሰማያዊ ሻሽ። ከፊቷ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ጋዜጣውን እያነበበላት ነው። እሷ በቆሎውን ማገላበጥ ትታለች። ይጨሳል።»

«ፊቷስ?»

«እያዳመጠች ነው። አፏ ትንሽ ተከፍቷል።»

የፊታችን መኪና ሄደ። ከኋላ ክላክስ ተነፋ፤ ሌላም ተጨመረ። ማርሹን ላስገባ ስል አባባ እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ።

«ቆዪ፣ ቆዪ። ሴትዮዋ ሳቀች?»

«አልሳቀችም... ይቆዩ፣ አባባ። አሁን ሳቀች።»